ኩዌስት፣ ፕሌይስቴሽን ወይስ ፒኮ? ቪአር መነጽር ለሚገዛ የጎጃም ሰው

ቪአር መነጽር ዓይን ላይ ተደርጎ ሌላ ዓለም ውስጥ የገባችሁ የሚያስመስል መሣሪያ ነው። ይህ መነጽር ያላቸው ሰዎች ሲከራከሩ የሰማ ሰው የአርሰናልና የማንቸስተር ደጋፊዎች የተገናኙ ይመስለዋል። የሜታ ኩዌስት ባለቤት የሶኒን ፕሌይስቴሽን ቪአር ያጣጥላል። የሶኒው ባለቤት ኩዌስትን የልጆች መጫወቻ ይለዋል። ፒኮ የገዛው ደግሞ «ሁለታችሁም በስም ነው የገዛችሁት» ይላል።

ይህን ክርክር ባሕር ዳርም ደብረ ማርቆስም ሰምቼዋለሁ። ማንም አይዋሽም። ግን እያንዳንዱ የሚያወራው ስለ ራሱ ቤት ነው። አንዱ ሰፊ ሳሎን አለው። አንዱ ከፕሌይስቴሽን ቤቱ ገንዘብ ያገኛል። አንዱ ብቻውን ተከራይቶ ይኖራል። የአንዱ ምርጫ ለሌላው የማይሆነው ለዚህ ነው።

ውጭ አገር የሚሠሩ ግምገማዎች ስለ ፒክስልና ስለ ፕሮሰሰር ብዙ ይላሉ። ማታ መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል? መነጽሩን የሚያደርገው ስንት ሰው ነው? ጌሙን በምን ካርድ ትከፍላላችሁ? እነዚህን የሚጠይቅላችሁ የለም። እኔ ከእነዚህ ልጀምር። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው። ዋጋውንም መጀመሪያ ገበያ ላይ በወጣበት በዶላር እነግራችኋለሁ፤ ምንዛሪው በ2024 ክረምት ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በብር የተጻፈ ዋጋ ሳምንት አይቆይም።

ስልክ የሚገባበት ሣጥን ቪአር ነው?

በየሞባይል መለዋወጫ ሱቁ የሚሸጥ የፕላስቲክ ሣጥን አለ። ስልካችሁን ከፊቱ ትከቱታላችሁ፣ በሁለት ሌንስ ታያላችሁ። ሐሳቡን በሰፊው ያስተዋወቀው ጉግል ነው፤ በ2014 ካርድቦርድ ብሎ ከካርቶን ሠርቶ አወጣው። በ2021 መሸጡን አቁሟል።

ሣጥኑ ራሳችሁን ስታዞሩ ምስሉን ያዞራል። አንድ እርምጃ ወደፊት ስትራመዱ ግን ምንም አይለወጥም። እጃችሁንም አያውቀውም። ዩቲዩብ ላይ ዙሪያውን የሚታይ ቪዲዮ ለማየት ይበቃል። ከዚያ በላይ አትጠብቁ። በዚህ ሣጥን ሞክሮ «ቪአር እንዲህ ከሆነ ይቅርብኝ» ያለ ሰው ቪአርን ገና አላየውም።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ፈትሹ። ብዙ ርካሽ ስልኮች ጋይሮስኮፕ የላቸውም። ጋይሮስኮፕ ስልኩ ወዴት እንደዞረ የሚያውቅበት መሣሪያ ነው። ዩቲዩብ ላይ ዙሪያውን የሚታይ ቪዲዮ ክፈቱና ስልኩን ይዛችሁ ዙሩ። ምስሉ አብሮ ካልዞረ ሣጥኑ ለእናንተ ዋጋ የለውም።

ዋናው ፉክክር፦ ኩዌስት ከፕሌይስቴሽን ቪአር 2

ሜታ፣ ያኔ ፌስቡክ ተብሎ የሚጠራው ኩባንያ፣ የቪአር መነጽር ሠሪውን ኦኩለስን በ2014 በ2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ። በ2019 የመጀመሪያው ኩዌስት ወጣ። ኮምፒውተሩም፣ ባትሪውም፣ ካሜራውም መነጽሩ ውስጥ ነው። ገመድ የለም። በ2020 ኩዌስት 2 በ299 ዶላር ሲወጣ ቪአር ብዙ ሰው ቤት ገባ። ዛሬ የሚነጻጸሩት ኩዌስት 3 እና ኩዌስት 3ኤስ ናቸው።

ሶኒ በሌላ መንገድ ሄደ። ፕሌይስቴሽን ቪአር 2 በየካቲት 2023 በ550 ዶላር ወጣ። በ2025 ወደ 400 ዶላር ወርዷል። ብቻውን አይሠራም፤ ፕሌይስቴሽን 5 ላይ በአንድ ገመድ ይሰካል። እዚህ ላይ አደራ የምለው ነገር አለ፦ በየከተማችን ባሉ ፕሌይስቴሽን ቤቶች አሁንም ፕሌይስቴሽን 4 ሞልቷል። ቪአር 2 ፕሌይስቴሽን 4 ላይ በፍጹም አይሠራም። ለመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ቪአር የተሠሩ ጌሞችም በቀጥታ ቪአር 2 ላይ አይሠሩም።

አንድ ጓደኛዬ ደብረ ማርቆስ ላይ ፕሌይስቴሽን ቤት አለው። የአጎቱ ልጅ ነርስ ነው፤ ኩዌስት 3 ከውጭ መጥቶለታል። ሁለቱ በተገናኙ ቁጥር ክርክሩ ይነሳል።

«አንተ የምታየው ጨለማ ግራጫ ነው። ጥቁር ምን እንደሚመስል ና እዚህ እይ» ይለዋል ባለ ሶኒው።

«አንተ ደግሞ ታስረህ ነው የምትጫወተው። ዙር እስኪ፣ ገመዱ እግርህ ላይ ይጠመጠማል» ይላል ነርሱ።

ሁለቱም እውነት ነው። የሶኒው ስክሪን ኦሌድ ነው። ጥቁር በሚሆንበት ቦታ መብራቱ ራሱ ይጠፋል። የሌሊት ሰማይ፣ ዋሻ፣ የመኪና ውድድር በማታ፤ በእነዚህ ኩዌስት አይደርስበትም። ግራን ቱሪስሞ 7ን በቪአር 2 የነዳ ሰው የነርሱን ክርክር ይረሳዋል። መነጽሩ ራሱ ግንባራችሁ ላይ ይንቀጠቀጣል። የጆይስቲኩ መተኮሻ እንደ ሁኔታው ይጠነክራል፣ ይላላል። ዓይናችሁ ወዴት እንደሚያይም ያውቃል፤ የምታዩትን ቦታ አጥርቶ ይሥለዋል።

ግን የሶኒው ሌንስ ፍሬኔል የሚባለው ዓይነት ነው። ምስሉ የሚጠራው ዓይናችሁ ልክ መሀሉ ላይ ሲያርፍ ነው። መነጽሩ ትንሽ ከወረደ ጠርዙ ይደበዝዛል። የኩዌስት 3 ሌንስ ፓንኬክ ይባላል፤ ስስ ነው፣ እስከ ጠርዙ ጥርት ያለ ነው። ጽሑፍ ለማንበብ፣ ለትምህርት፣ ፊልም ለማየት ኩዌስት 3ን እመርጣለሁ።

ሌላው የኩዌስት 3 ጉልበት ቤታችሁን በቀለም ማሳየቱ ነው። እናቴ ስታደርገው መጀመሪያ ያየችው የራሷን ሳሎን ነው። እጇን አነሳች። እጇን አየች። «ምንም የለውም እኮ፤ ቤታችን ነው» አለች። ከዚያ ግድግዳው ተሰነጠቀና ትንንሽ ጠጉራም ፍጥረቶች ብቅ አሉ። «በስመ አብ!» ብላ አማተበች። ቀጥላ ግን እጇን ዘረጋችላቸው። ቪአር ሲባል ዓይኑን ተሸፍኖ ሌላ ዓለም መግባት የሚያስፈራው ሰው በዚህ በኩል ቢጀምር ይቀለዋል። ሶኒውም ውጭውን ያሳያል፣ ግን በጥቁርና ነጭ ነው፤ የወደቀ ጆይስቲክ ለመፈለግ ይበቃል።

አሁን ደግሞ ብዙ ወጣት የሚጠይቀኝ፦ «በቪአር ፊፋ መጫወት ይቻላል?» አይቻልም። ሰው ፊፋ የሚለው የኢኤ ኩባንያ እግር ኳስ ጌም የቪአር አጨዋወት የለውም። ቪአር 2 ተራውን ጌም ፊት ለፊታችሁ ትልቅ ስክሪን አድርጎ ያሳያችኋል፤ ያው በተለመደው ጆይስቲክ ነው የምትጫወቱት። ለፊፋ ብላችሁ ቪአር የምትገዙ ከሆነ ገንዘቡን ለሁለተኛ ጆይስቲክና ለጥሩ ቴሌቪዥን አውሉት።

በጌም ብዛት ኩዌስት ይበልጣል። ሶኒ ጥቂት ግን ትልልቅ ጌሞች አሉት። የኩባንያዎቹ ፉክክር የት ድረስ እንደሚሄድ ለማየት ቢት ሴበርን ተመልከቱ። በሙዚቃው ምት የሚመጡ ሣጥኖችን በሰይፍ የምትቆርጡበት ጌም ነው። ቪአርን ላላየ ሰው መጀመሪያ የማስጀምረው እሱን ነው። የሠራውን ድርጅት ፌስቡክ በ2019 ገዛው። በ2025 ደግሞ ጌሙ ለፕሌይስቴሽን አዲስ ነገር መልቀቁን አቆመ። ሶኒ የያዘ ሰው ይህን ማወቅ አለበት።

ኩዌስት 3 ወይስ 3ኤስ?

3ኤስ በጥቅምት 2024 በ299 ዶላር ወጣ። ኩዌስት 3 ሲወጣ 499 ዶላር ነበር። የውስጥ ኮምፒውተራቸው አንድ ነው። በአንዱ የሚሠራ ጌም በሌላው ይሠራል። ታዲያ 200 ዶላሩ የምን ነው?

የሌንስና የስክሪን ነው። 3 ለእያንዳንዱ ዓይን 2064 በ2208 ፒክስል አለው። 3ኤስ 1832 በ1920 ነው፤ ሌንሱም ያው የቆየው ፍሬኔል ነው። በጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ ሲመጣ ዙሪያው ይፈነጥቃል። ሰይፍ ለሚያወዛውዝ ልጅ ይህ ምንም አይደለም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፊልም ለሚያይ ሰው ግን ይሰለቻል።

በቤተሰብ ቤት የሚታየው ልዩነት ሌላ ነው። በሁለቱ የዓይን ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት ከሰው ሰው ይለያያል። ኩዌስት 3 ላይ ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ጎማ እያሽከረከራችሁ ልክ እስኪሆን ታስተካክላላችሁ። 3ኤስ ሦስት ማረፊያ ብቻ አለው፦ 58፣ 63 እና 68 ሚሊ ሜትር። የእናንተ ከሦስቱ በአንዱ አካባቢ ከሆነ ደህና ነው። ካልሆነ ዓይን ይደክማል፣ ራስ ያማል፤ «ቪአር አይስማማኝም» የሚያሰኘው አንዳንድ ጊዜ ይህ ነው። መስታወት ፊት ቁሙና በማስመሪያ ለኩት።

ለጌም፣ ለልጆች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው 3ኤስ ይበቃል። ብዙውን ጊዜም የምመክረው እሱን ነው። ለንባብ፣ ለፊልም፣ ለሥራ ከሆነ ወይም ርቀቱ ከሦስቱ ማረፊያዎች ከራቀ 3ን ግዙ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ 3ኤስ የጆሮ ማዳመጫ ገመድ መሰኪያ የለውም፤ 3 አለው። ሌላ ሰው በተኛበት ክፍል ለሚጫወት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መብራት፣ ብርሃን፣ ክፍል

መብራት ሲጠፋ ሶኒው ሙሉ በሙሉ ያበቃለታል። ፕሌይስቴሽኑም ቴሌቪዥኑም አብረው ይጠፋሉ። በድንገት ሲቋረጥም ለማሽኑ ጥሩ አይደለም፤ መብራቱ ሲመለስ ኃይሉ ከፍና ዝቅ እንዳይጎዳው ስታብላይዘር ቢያንስ ይኑራችሁ።

ኩዌስት በራሱ ባትሪ ሁለት ሰዓት ገደማ ይሄዳል። ቻርጀሩ 18 ዋት ነው። ስለዚህ ጥሩ ፓወር ባንክ ኪስ ውስጥ ከታችሁ በረጅም ገመድ እየሞላችሁ መቀጠል ትችላላችሁ። ለእኛ አገር ይህ ከኦሌዱ ጥቁር ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ግን ባትሪ ስላለው ብቻ በጨለማ ይሠራል ማለት አይደለም። ኩዌስት የት እንዳላችሁ የሚያውቀው በካሜራ ክፍሉን እያየ ነው። መብራት ሲጠፋ ክፍሉ ከጨለመ ምስሉ መንሳፈፍ ይጀምራል፣ ወይም «ማየት አልቻልኩም» ብሎ ያቆማችኋል። ሻማ አይበቃውም፤ የሚሞላ አምፖል ያስፈልጋል። 3ኤስ በራሱ የማይታይ ብርሃን ስለሚረጭ ደብዘዝ ባለ ክፍል እጃችሁን መከታተል ይቀለዋል።

የቀን ብርሃን ይስማማዋል፤ ፀሐይ ግን ጠላቱ ናት። ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ። ሌንሱ የፀሐይ ጨረር ሰብስቦ ስክሪኑ ላይ ያሳርፈዋል። መነጽሩን ሌንሱ ወደ መስኮት ዞሮ ጠረጴዛ ላይ ከተዋችሁት በጥቂት ደቂቃ ስክሪኑ ይቃጠላል። የተቃጠለው ነጥብ አይለቅም። የባሕር ዳር የከሰዓት ፀሐይ በመስኮት ሲገባ አስቡት። ተጫውታችሁ ስትጨርሱ ወደ ሣጥኑ መልሱት፣ ወይም በጨርቅ ሸፍኑት። ይህ ለሁሉም መነጽር ነው፤ ሜታም ሶኒም ፒኮም አይለይም።

ክፍልን በተመለከተ፣ እየተንቀሳቀሱ ለመጫወት ሁለቱም ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ባዶ ቦታ ይፈልጋሉ። ኪራይ ቤት ውስጥ አልጋ፣ ሶፋና ቡፌ ከገባ በኋላ ይህን ያህል ቦታ አይተርፍም። ቆማችሁ ወይም ተቀምጣችሁ የምትጫወቷቸውን ጌሞች ምረጡ። ከቡፌው መስታወት አንድ ክንድ ራቁ። ኮርኒሱ ዝቅ ያለ ከሆነም አምፖሉን አስቡ፤ ሰይፍ የያዘ ሰው እጁን ወደ ላይ መዘርጋቱ አይቀርም።

አየሩም የራሱ ነገር አለው። ማርቆስ ላይ በጠዋቱ ብርድ መነጽሩን ስታደርጉት ሌንሱ በትንፋሻችሁ ይጋረዳል። ትንሽ ከፍታችሁ አሙቁት፣ ከዚያ አድርጉት። ባሕር ዳር ላይ ችግሩ ላብ ነው።

ሹሩባ፣ ቅቤና የጋራ መነጽር

በግምገማ ላይ አንብቤ የማላውቀው ነገር ይህ ነው። የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ሹሩባ ተሠርታ መጣች። ፒኮ 4 ልታደርግ ሞከረች። የፒኮ ባትሪ ከኋላ ነው፤ ለብዙ ሰው ይህ ትልቅ ጥቅሙ ነው፣ ክብደቱ ፊት ላይ ብቻ አይጫንም። የሷ ሹሩባ ግን ከኋላ ተጠቅልሎ ነበር። ባትሪው ጉብታው ላይ ወጣ። ስታጠብቀው አመማት። ስታላላው መነጽሩ አፍንጫዋ ላይ ወረደ፣ ምስሉም ደበዘዘ። ኩዌስቱን ስታደርግ ማሰሪያው ለስላሳ ጨርቅ ነው፣ ከኋላ ለሁለት ይከፈላል። ሹሩባው በመሀሉ አለፈ። ቀኑን ሙሉ ስትጫወት ዋለች።

ቅቤ የተቀባ ፀጉር ካለ ሌላ ጉዳይ ይመጣል። ፊት ላይ የሚያርፈው ስፖንጅ ቅቤና ላብ ይመጥጣል፣ ሽታውም አይለቅም። የሲሊኮን መሸፈኛ ግዙለት፤ በውሃ ታጠቡታላችሁ። ሌንሱን ግን በአልኮል አትንኩት፤ ሽፋኑን ያበላሸዋል። ንጹሕና ደረቅ የመነጽር መጥረጊያ ይበቃል።

ፕሌይስቴሽን ቤት ከፍታችሁ ቪአር በሰዓት ልታከራዩ ካሰባችሁ ደግሞ ይህን በጥሞና አንብቡ። አማራ ክልል በዓለም ላይ የዓይን ማዝ፣ ማለትም ትራኮማ፣ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ከታመመ ዓይን የሚወጣው ፈሳሽ በእጅና በጨርቅ ይተላለፋል። የማይጠረግ ስፖንጅ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ሲሄድ ያው የጋራ ፎጣ ማለት ነው። በየሰዉ መካከል የሚጠረግ ሲሊኮን ይኑራችሁ። ዓይኑ የቀላ፣ የሚያለቅስ ደንበኛ ሲመጣ «ዛሬ ይቅርብህ ወንድሜ» በሉት። የአንድ ሰዓት ሂሳብ ቢቀር ይሻላል።

ለንግድ ግን የሶኒውን ወገን እደግፋለሁ። ተጫዋቹ የሚያየው ቴሌቪዥኑ ላይ ይታያል። ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ እየሳቀ ያያል፣ ከዚያ ገንዘብ ያወጣል። መነጽሩ በገመድ ስለታሰረም ማንም ይዞት አይጠፋም። ጄኔሬተር ካላችሁ ደግሞ ባትሪ እስኪሞላ መጠበቅ የለም፤ ቻርጅ የሚፈልጉት ጆይስቲኮቹ ብቻ ናቸው። ጓደኛዬ ኩዌስትን የሚንቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከሱ ቤት አንጻር ልክ ነው።

ልጆችን በተመለከተ ሜታ ከ10 ዓመት፣ ሶኒ ከ12 ዓመት በታች ላሉት አይፈቅዱም። ደንበኛ ለማብዛት ብላችሁ ይህን አትለፉት።

ኢንተርኔትና አካውንት

ኩዌስት መጀመሪያ ሲከፈት ዋይፋይ፣ ስልክ ላይ የሚጫን አፕና የሜታ አካውንት ይፈልጋል። የፌስቡክ አካውንት ግዴታ የነበረው ድሮ ነው፤ በ2022 ቀርቷል። ከዚያ ማሻሻያ ያወርዳል። ጌሞቹም አንዳንዶቹ ብዙ ጊጋባይት ናቸው። በሞባይል ዳታ ይህን መጨረስ ኪስ ይጎዳል።

በነሐሴ 2023 ክልላችን ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን ሁላችንም አንረሳውም። ያኔ አዲስ ኩዌስት ሣጥኑ ውስጥ እንዳለ የተቀመጠበት ቤት አውቃለሁ። ቀድሞ የተከፈተና ጌም የተጫነበት ግን ብዙዎቹን ጌሞች ያለ ኢንተርኔት ያጫውታል። ስለዚህ ከውጭ የሚልክላችሁ ሰው እዚያው ከፍቶ፣ አድሶ፣ ጌሞቹን ጭኖ ይላከው።

አካውንቱ ግን በእናንተ ኢሜይል ይሁን። የተገዛ ጌም ከአካውንት ወደ አካውንት አይዛወርም። በአጎት አካውንት ዓመት ሙሉ ጌም አከማችቶ አጎት የይለፍ ቃል ሲቀይር ባዶ እጁን የቀረ ሰው አለ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ? የእኛ የባንክ ካርዶች ለእነዚህ መደብሮች ብዙ ጊዜ ስለማይሠሩም ውጭ ያለ ዘመድ የስጦታ ካርድ እንዲገዛላችሁ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ለፕሌይስቴሽንም ያው ነው።

ፒኮ፣ አፕልና ያገለገለ

ፒኮ የባይትዳንስ ነው፤ የቲክቶክ ባለቤት የሆነው ኩባንያ። ፒኮ 4 በ2022 ሲወጣ ከኩዌስት 2 የጠራ ስክሪንና ፓንኬክ ሌንስ ነበረው። እንደ ዕቃ ወድጄዋለሁ። ችግሩ ጌሙ ነው። ቢት ሴበር እንኳ የለውም። በ2023 መጨረሻ ኩባንያው የፒኮን ሠራተኞች ቀንሷል። በ2024 ፒኮ 4 አልትራ ቢያወጣም ለመጀመሪያ መነጽር አልመክረውም። ጠንካራ ኮምፒውተር ኖሯችሁ ከሱ ጋር ለማገናኘት ከሆነና በጥሩ ዋጋ ካገኛችሁት ግን አትፍሩት።

አፕል ቪዥን ፕሮ በ2024 በ3,499 ዶላር ወጣ። ስክሪኑ እጅግ የጠራ ነው። ግን ፊት ላይ የሚያርፈው ክፍል ለአንድ ሰው ፊት ተለክቶ ነው የሚመረጠው። ባትሪው ውጭ ነው፣ በገመድ ኪስ ይገባል። እንግዳ ሲመጣ «ሞክረው» ተብሎ በሚዞርበት ቤታችን ይህ አይሆንም። በዚያ ዋጋ ለስንት ቤት 3ኤስ ይገዛ እንደነበር ራሳችሁ አስሉት።

ያገለገለ ሲመጣላችሁ መጀመሪያ ሞዴሉን ጠይቁ። ኦኩለስ ጎ ከሆነ ተዉት፤ እንደ ስልኩ ሣጥን ራስን ማዞር ብቻ ነው የሚያውቀው። የመጀመሪያውን ኩዌስትም ሜታ መደገፉን አቁሟል። ኩዌስት 2 ዛሬም ይሠራል፤ ግን አዳዲስ ጌሞች እየዘለሉት ነው። በጣም ከረከሰ ብቻ ውሰዱት።

ከዚያ ከፍታችሁ እዩ። ነጭ ምስል አምጡና ስክሪኑ ላይ ቢጫ ወይም ጥቁር ነጥብ ፈልጉ፤ ፀሐይ ያቃጠለው እዚያ ይታያል። ሌንሱን በብርሃን አዘንብላችሁ ጭረት ፈልጉ፤ መነጽር የሚያደርግ ሰው ከነመነጽሩ አድርጎት ከሆነ መሀሉ ላይ ይጫራል። ጆይስቲኩን ሳትነኩት ምስሉ በራሱ የሚሄድ ከሆነ ዘንጉ አልቋል። የሻጩ አካውንት እናንተ ፊት ሳይወጣ ገንዘብ አትስጡ።

ለዘመድ የሚላክ መልእክት

አብዛኞቻችን የምናገኘው ከውጭ በሚመጣ ሰው እጅ ነው። «ቪአር ላክልኝ» ብቻ ብትሉ ምን እንደሚመጣ አይታወቅም። ፕሌይስቴሽን 5 ከሌላችሁ ከዚህ በታች ያለውን ገልብጣችሁ ስሙንና ኢሜይሉን ብቻ ቀይሩ፦

«ጋሼ፣ እንደምን አሉ? እኛ ደህና ነን። ቪአሩን እንግዛልህ ስላሉኝ እግዜር ይስጥልኝ። የምፈልገው ሜታ ኩዌስት 3ኤስ፣ ባለ 128 ጂቢ ነው። 3 የሚባልም አለ፣ እሱ ይወደዳል፤ 3ኤስ ይበቃኛል። ኩዌስት 2 ወይም ጎ ቢሉዎት ይቅር። አብረው የሲሊኮን የፊት መሸፈኛ ይግዙልኝ። ቻርጀሩ የእኛን 220 ቮልት ይችላል፤ የሶኬት ማስተላለፊያ እዚህ አገኛለሁ። ከመምጣትዎ በፊት በዚህ ኢሜይል (ኢሜይላችሁን እዚህ ጻፉ) አካውንት ከፍተው እዚያው ዋይፋይ ላይ ያድሱልኝ። ቢት ሴበርን ይጫኑልኝ። ሻንጣ ውስጥ ሲከቱት ሌንሱ በጨርቅ ይሸፈን። እማማም ሰላም ብላዎታለች።»